ቢላ ያልነካው በሽተኛ

አንድ ዘበኛ ቀዶ ጥገና ሊገባ ተራውን ሲጠብቅ አልጋው ላይ ሞተ። ፊቱ አብጦ፣ ገላው በሽፍታ ተሞልቶ ነበር። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሆስፒታሉን በጩኸት አናወጠችው።

«ነርሷ ናት በመርፌ የገደለችብኝ! ትታሰርልኝ!»

ያቺ ምስኪን ነርስ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ፖሊስ ሊወስዳት በር ላይ ቆሟል። መርማሪው የተጠራው ይሄኔ ነው፤ ለወሬ የማይቸኩል፣ ከዓይኑ ግን ምንም የማያመልጥ ሰው። መጀመሪያ ቀዶ ሐኪሙን አነጋገረ።

«ሕመሙ ምን ነበር?»

«ከውሻ የሚተላለፍ ትል ነው። ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቶበታል። ትናንት ዳስሼዋለሁ፣ ብርቱካን ያህላል። ቀዶ ጥገናው አደጋ እንዳለውም ለእህቱ ነግሬአታለሁ።»

መርማሪው አንሶላውን ገለጠ። ሰው ሁሉ ያበጠውን ፊት ሲያይ እሱ ሆዱን አየ። ዝርግ ነው። ሲዳስሰው ጣቱ ወዛ፤ አሸተተው፣ ዘይት ነው። ከዚያ ጎን አልጋ ላይ ወዳሉት ሽማግሌ ዞረ።

«አባባ፣ ሰውነቱን ማሳከክ የጀመረው መቼ ነው?»

«ነርሷ ሳትመጣ ነው እንጂ ልጄ! እሷማ እህቱ ስትጣራ ሰምታ ነው እየሮጠች የመጣችው። መጋረጃው ተጋርዶ ስለነበር ሌላውን አላየሁም።»

መርማሪው ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«መርፌው ሊያድነው የተወጋ ነው፤ ማሳከኩ ከመርፌው በፊት ነው የጀመረው። ታዲያ ያ ብርቱካን የሚያህል እብጠት የት ገባ? ፈንድቷል። ውኃው ሆድ ውስጥ ሲፈስ ሰውነት ይቆጣል፣ ፊት ያብጣል፣ ትንፋሽ ይዘጋል። ተሳሳትኩ ዶክተር?»

«አልተሳሳቱም። ቀዶ ጥገና ስናደርግም የምንፈራው ይህንኑ ነው።»

«ይህን ሰው ግን ቢላ አልነካውም። የነካው ዘይት የተቀባ እጅ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ያሹት እርስዎ ነዎት?»

ወይ አምላኬ! እህትየው ወደ እጆቿ ተመለከተች።

«ቢላውን ፈራሁለት» አለች። «ልጅ ሆኖ ሆዱን ሲያመው እንዲህ ነበር የማሸው። እብጠቱ ከእጄ ሥር ጥፍት ሲል ‹እፎይ፣ እትዬ› አለኝ። ዳነልኝ ብዬ ሳቅሁ እኮ!»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። «ስለ ቢላው ብቻ ነገርኩሽ። እጅም እንዳይነካው ማለት ነበረብኝ።»

ነርሷ እንባዋን ጠርጋ የእህትየውን እጅ ልትይዝ ቀረበች። ሴትዮዋ ግን ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ተይ የኔ ልጅ» አለቻት። «እጄን አትንኪ፣ ዘይቱ አልለቀቀም።»