ቹንሜይ ትንፍሽ ያላለችው ነገር

ባውጁ ጠዋት ከአልጋዋ እንደወረደች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ ለጓደኞቿ ሁሉ በስልኳ የ«እንደምን አደራችሁ» ሥዕል ትልካለች። በታይዋኗ ታይናን ከተማ ይህን የማያደርግ አዛውንት ማግኘት ይከብዳል። ከነጻ መተግበሪያ ላይ አበባ ይመርጣሉ፣ አበባው ላይ ምርቃት ይጽፋሉ፣ ምርቃቱ ላይ ደግሞ ቢራቢሮ ይደርቡበታል። ልጆቻቸው ይሥቁባቸዋል፤ እነሱ ግን ደንታም የላቸውም። ሥዕል ሳትልክ ያረፈደች ካለች «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ተብሎ ይደወልላታል።

ሥዕሉን ከላከች በኋላ ባውጁ ለማንም የማታወራው ሌላ ሥራ ነበራት። ስልኳ ውስጥ የቀረውን የሞተ ባሏን ድምፅ ታዳምጣለች። ሰውዬው የዓሣ ኩሬ ነበረው፤ እጁ እርጥብ ስለሆነ መጻፍ ይሰለቸውና ድምፁን እየቀዳ በዚያው በመልእክት መላላኪያው ይልክላት ነበር። «ዝንጅብል ግዢ።» «ዛሬ ነፋስ ነው፣ ሾርባ ይኑር።» «አንቺ ሴትዮ፣ ስልክ አታነሺም እንዴ?» የፍቅር ቃል የሚባል አንድም የለበትም። እሷ ግን ይህን ሳትሰማ ቀኑ አይጀመርላትም።

ልጇ ዪቲንግ ስንት ጊዜ ለምናታለች። «እማዬ፣ የአባዬን ድምፅ ቅጂ ሌላ ቦታ እናስቀምጠው። ነጻ እኮ ነው፤ ቁጭ ብለን ሻይ እስክንጠጣ ያልቃል።»

«ስልኬ ውስጥ አለ አይደል? እግር አውጥቶ የት ይሄዳል?» ትላታለች ባውጁ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ አልሸፍንላትም።

አንድ ቀን ከቹንሜይ መልእክት መጣ። ቹንሜይ ማለት ገና በልጅነታቸው፣ እህትማማች እንሁን ብላ ቤተ መቅደስ ገብታ የተማማለቻት ጓደኛዋ ናት። «የልጅ ልጄ የሥዕል ውድድር ገብታለች፤ እባክሽ ምረጪልኝ» ይላል መልእክቱ፤ ከሥሩም የሚነካ ማስፈንጠሪያ አለ። እዚያ አገር ለወዳጅ የልጅ ልጅ አልመርጥም ማለት ትልቅ ነውር ነው። ባውጁ ነካችው። የስልክ ቁጥርሽን አስገቢ አላት፣ አስገባች። ቀጥሎ በአጭር መልእክት የደረሰሽን የሚስጥር ቁጥር ጻፊ አላት። መልእክቱ ላይ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» የሚል በጉልህ ተጽፏል። አንብባዋለች እኮ! «ቹንሜይ ደግሞ ማንም ናት እንዴ?» አለችና ጻፈችው።

ወዲያው የመልእክት መላላኪያው መተግበሪያ አስወጣት። ዪቲንግ ከሥራ እየበረረች መጥታ፣ ስንት ታግላ በአዲስ ገጽ መልሳ ብትከፍተው ውስጡ ባዶ ነው። በቹንሜይ ስም የጻፈው ሌባ የእናቷን ገጽ በሌላ ስልክ ከፍቶ ስለወሰደው፣ የቆየው ሁሉ ከዚህኛው ተሰርዟል።

«አባትሽስ?» አለች ባውጁ።

«ድምፁም አብሮ ጠፍቷል፣ እማዬ» አለች ዪቲንግ። ባውጁ እንደ አዲስ ሐዘንተኛ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

እንባዋን ጠርጋ ስትነሣ ያዘነችው ግን ለቹንሜይ ነበር። «ምስኪን፣ በስሟ እየነገዱባት መሆኑን አታውቅም» ብላ ልታስጠነቅቃት ሄደች። ቹንሜይ በሩን ከፍታ፣ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አውቃለሁ፣ ባውጁ።»

«ምኑን?»

«ትናንት ማለዳ ነው ገጼን የወሰዱብኝ። ልጄም ለሰው ሁሉ ደውለሽ ንገሪ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«በምን አፌ? ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ የነበርኩ ሴት፣ እንደ ሕፃን ተታለለች ሲሉኝ? ባልናገርም ያልፋል ብዬ... አንቺ ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።»

ቤታቸው እኮ አንድ መንገድ ላይ ነው። ትናንት ደግሞ ገበያ ተገናኝተው፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ ነበር የቆዩት።

«ሌባው አያውቀኝም» አለች ባውጁ። «አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

ዞራ ሄደች፤ ቹንሜይ ብትጠራትም አልመለሰችም። ውስጧ እርር ብሏል። የሰረቃት ሰው እንዲህ አላቃጠላትም።

ቤት ስትደርስ ዪቲንግ ስልክ ይዛ ቆማለች። «እማዬ፣ ቶሎ! አሁን ደግሞ ሌባው በአንቺ ስም ለጓደኞችሽ እየጻፈ ነው። ደውለሽ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? መሣቂያ ልሁን?» ብላ ስልኩን ገፋችው። ከዚያ የራሷን ቃል ሰማችው። ይኸው የቹንሜይ ቃል አይደል? ደነገጠች፣ ስልኩንም ቀማቻት። ለሁሉም በየተራ ደወለች፦ «ባውጁ ነኝ። ተታልያለሁ። በስሜ የመጣውን እንዳትነኩ።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ሥዩቺን የምትባለው ጓደኛዋ፣ «ቁጥሩን ልጽፍ ጣቴን ዘርግቼ ነበር!»

እናንተዬ፣ ነጻ ነገር ክፉ አይደለም። ቅጂ የሚያስቀምጥላችሁም፣ አጠራጣሪ ማስፈንጠሪያ የሚመረምርላችሁም በነጻ አለ፤ ተጠቀሙበት። የሚስጥር ቁጥር ለእናታችሁ ልጅም ቢሆን አትስጡ፤ የጠየቃችሁን ሰው ደውላችሁ በአንደበቱ ስሙት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ስትታለሉ ይሉኝታ አይያዛችሁ። መታለል ማንም ላይ ይደርሳል። ደብቆ ዝም ማለት ግን ለሌባው የወዳጅን በር መክፈት ነው።

በሳምንቱ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በቤተ መቅደሱ ግቢ ሲሰበሰቡ ቹንሜይ ተነሥታ ቆመች። «መጀመሪያ የተታለልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አፍሬ ደበቅኩ። ባውጁን ያስዘረፍኳት እኔ ነኝ። እናንተ እንደኔ አትሁኑ፤ ሲደርስባችሁ በዚያው ሰዓት ጩኹ።»

ማንም አልሣቀም። እንዲያውም ሁለት ሴቶች «እኛንም እንዲሁ አድርገውናል» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ቹንሜይ ወደ ባውጁ ዞረች። «ደህና ተናገርኩ?»

«ደህና ተናገርሽ» አለች ባውጁ። «ያን ቀን ገበያ ላይ ብትናገሪው ኖሮ፣ ባሌ ዛሬም ያናግረኝ ነበር።»