መምህሩ መልካቸውን ያሳረሙበት ቀን

ስለ መንፈስ፣ ስለ ጥላ ምናምን ሲወራ «ሥራ ፈቶች» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እዚህ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ፎቶ ቤቴ ውስጥ የስንት ሟች ፎቶ አሳድሻለሁ፣ አንዱም መጥቶ አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ ስማኝ። እማማ ዘነበች የባላቸው የመምህር ታደሰ ሙት ዓመት ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት አንዲት ስላይድ በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ስላይድ መቼም ታውቃለህ፣ ያቺ በካርቶን የታቀፈች፣ ብርሃን ላይ ካልያዝካት ምንም የማታሳይ ቁራጭ ፊልም። መምህሩ በጉልምስናቸው፣ ኤረር በር አጠገብ ተከራይተውት በነበረው ቤት ግድግዳ ጋ፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። ፊልሙ አርጅቶ ሁሉ ነገር ቀይ ሆኗል።

«ጥርት አድርገህ አውጣልኝ፣ ሌላ ፎቶ የለውም» አሉኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ። መልኩ ጠፍቶብኛል። ጠይም ነበር ወይስ የቀይ ዳማ? ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ፣ አሁን ዓይኔን ስጨፍን አይመጣልኝም።» አንጀቴን በሉት።

ከሰዓት በኋላ ስላይዷን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ (ባለሙያ እፍ አይልም፣ እፍ ሲሉ ምራቅ ይረጫል) ስካነሩ ላይ አስተኛኋት። እኔ ዘዴ አለኝ፣ ፎቶው ውስጥ ነጭ የሆነ ነገር እፈልግና ለኮምፒውተሩ «ነጭ ማለት ይህ ነው» ብዬ አሳየዋለሁ፣ የቀረው ቀለም ተከትሎ ይስተካከላል። በዚያ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ አልፋለሁ፣ ነጭ ነው። ነጭ ይህ ነው አልኩት። መምህሩ ሮዝ ሆነው ቁጭ አሉ፣ ትኩሳት የያዘው ፈረንጅ መሰሉ።

ደግሜ ስካን አደረግኩ። ከስካነሩ ውስጥ ጉሮሮ የመጥረግ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ እርጅና ነው አልኩ። ፎቶው ሲመጣ ግራ እጃቸው ከኪሳቸው ወጥቷል። እመነኝ፣ በዚያን ቀን ጫት እንኳን አልቀመስኩም ነበር። ስላይዷን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። እንደገና ሞከርኩ። አሁን ጣታቸውን ቀስረው ግድግዳውን ያሳያሉ፣ ሰነፍ ተማሪ ሰሌዳ ፊት እንዳቆሙ ሁሉ ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

በዚህ መሃል እማማ ደረሱ። ፎቶውን ልደብቅ ስል አዩት፣ የተቀሰረውን ጣት ግን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት።

«ምነው ግድግዳውን ነጭ አደረግከው?»

«ነጭ ነዋ እማማ።»

«ዛሬ ነዋ። ያኔ አረንጓዴ ነበር፣ እሱ ራሱ ነው የቀባው።»

ሐረር ተወልጄ፣ ግድግዳ ለረመዳን አዲስ ቀለም እንደሚቀባ እያወቅኩ እንዴት እንደሳትኩት እንጃ። የድሮው አረንጓዴ ከነጩ ሥር ይኖራል ብለን በባጃጅ ኤረር በር ሄድን። ግድግዳውን በቁልፌ ስፍቅ ባለቤቱ ሽማግሌ ሐጂ ደረሱብኝ።

«ያ አላህ፣ ለረመዳን ያስቀባሁትን?»

«ለመምህር ታደሰ ፎቶ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጠለቅ አድርገህ ፋቅ፣ እኔንም አስተምረውኛል» አሉ። ከነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ሮዝ፣ ከዚያ አረንጓዴው ብቅ አለ።

አረንጓዴዋን ፍቅፋቂ ይዘን ተመለስን፣ አዲስ ስካን አድርጌ የፎቶውን ግድግዳ ከእሷ ጋር አመሳሰልኩ። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ተመልሷል። ፊታቸው ላይ ያለው ሮዝ እየለቀቀ፣ እየለቀቀ ሄዶ፣ ጠይም ሰው ወጣ። እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው «እሱ ነው፣ የኔው ጠይም» አሉና አለቀሱ፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ያተምኩላቸውን ፎቶ አቅፈው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «በል ና፣ እንሂድ» አሉ። እኔን መስሎኝ ግራ ገባኝ። የበሩን መጋረጃ ገልጠው ወጡ፣ መጋረጃው ተመልሶ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተገለጠ፣ ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ቤት ውስጥም ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሳላውቀው ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ፣ መጋረጃው እስኪረጋ ድረስም ለመቀመጥ አልደፈርኩም።