ያላረጁት ኮምፒውተሮች

አሠልጣኙ ጉግሳ ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ሞቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ የተመታበት ከባድ የኤሌክትሪክ ስታቢላይዘር ወንበሩ ሥር ወድቋል። ገዳዩ በዚህ አልበቃውም፤ ሟቹ ይሠራበት የነበረውን ኮምፒውተርም ቀጥቅጦታል።

በ2002 ክረምት ነው። ኢንስፔክተር ተሾመች ደሙን ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች የቦንጋውን ማሠልጠኛ ክፍል ዞረች። የሌሎቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ክዳን ተከፍቷል። አንዱን ጎንበስ ብላ አየችው። ውስጡ አቧራ ለብሷል፤ ሚሞሪ ከሚሰካባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ግን ባዶና ንጹሕ ነው። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።

የማሠልጠኛው ባለቤት እትዬ ዙፋን እንባቸውን እየጠረጉ ተናገሩ።

«ኮምፒውተሮቹ አርጅተው ይንቀራፈፉ ነበር። ጥገና የሚሠራልን ፈለቀ ‹ይጣሉ› አለ። ጉግሳ ግን ‹ዊንዶውስ ከብዷቸው ነው፤ ሊኑክስ የሚባል ቀላል ሲስተም እንጫንባቸው› ብሎ ተከራከረ። ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት ሞከረ፤ እሱም ከበዳቸው። ከዚያ ፓፒ የሚባለውን ከጅማ አስመጣ። ሲዲውን ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሰጥቼው ወጣን፤ ብቻውን ቀረ።»

አስከሬኑን ያገኙት አዛውንቱ መምህር ወልደ ማርያም ናቸው። እጅጌያቸው በደም ርሷል።

«አቅፌ ላነሣው ሞክሬ ነው» ከማለት በቀር መናገር አልቻሉም።

ፈለቀ ግን አልተረበሸም።

«ከትናንት ጀምሮ እዚያ ክፍል አልገባሁም።»

«ፓፒን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን የሰማሁት ዛሬ እትዬ ዙፋን ሲነግሩኝ ነው። ሲከፈት እንደ ውሻ የሚጮህ ነገር ደግሞ ለሥራ ይሆናል?»

የውሻው ጩኸት ነገር ለተሾመች አልገባትም። ሲዲውን ከተሰባበረው ኮምፒውተር አውጥታ በሌላው ከፈተችው። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ማጉያው እንደ ቡችላ ጮኸ።

ሦስቱንም አንድ ላይ አስጠራቻቸው።

«እትዬ ዙፋን፣ ፓፒ ሲከፈት እንደሚጮህ ለፈለቀ ነግረውታል?»

«እኔ ራሴ መች አውቄ!»

«ሲዲው ቦንጋ የገባው ዛሬ ነው። የከፈተውም ጉግሳ ብቻ ነው። ፈለቀ፣ ስሙን ዛሬ የሰማህ ሰው ጩኸቱን ማወቅ የምትችለው እዚህ አብረኸው ከነበርክ ብቻ ነው። ጉግሳ የትኛው ሊኑክስ እንደሚስማማቸው ለመወሰን ሚሞሪያቸውን ማየት ነበረበት። ክዳኑን ሲከፍት ግማሹ የለም፤ ባዶው ቦታ አቧራ አለመልበሱ በቅርብ እንደተነቀለ ያሳያል። ኮምፒውተሮቹ አላረጁም፤ ተዘርፈዋል። እነሱን ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ደግሞ አንተ ነህ።»

ፈለቀ ከኪሱ ካቻቢቴ መዞ ዘለለባት። ክንዷን ሸረከታት። እሷም እጁን ጠምዝዛ ከግድግዳው ጋር አላተመችው፤ አፍንጫው ተሰብሮ ፊቱ በደም ተሸፈነ።

«ሊያሳስረኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ።

ወልደ ማርያም ወደ ፈለቀ ዞሩ።

«ጉግሳ ጠዋት መጥቶ ‹አንድ ጓደኛዬ አጥፍቷል። የወሰደውን ይመልስና ማንም ሳይሰማ በሽምግልና እንጨርሰዋለን፤ እርስዎ ሽማግሌ ይሁኑን› አለኝ። ማነው ብዬ ብለምነው ስምህን አልነገረኝም።»

ፈለቀ እጁን ለካቴናው ሰጠ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።