የግራዝማች አያሌው ኮርቻ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሰው ቀልጄበት ነው የማልፈው፣ ቢቸና እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ለማመን ቀርቶ ለመስማትም ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ይኼን ግን እመኑኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ቅዳሜ ዕለት የባለቤቴን አክስት እማማ ጥሩወርቅን ልጠይቅ ሞጣ ሄድኩ። እማማ የግራዝማች አያሌው ብቸኛ ልጅ ናቸው፣ ከአባታቸው የቀራቸው ማስታወሻ ጓዳ ውስጥ አግዳሚ ላይ የተጫነው የበቅሎ ኮርቻ ነው። እሱንም ያን ቀን የአጎታቸው ልጅ ደመላሽ ከጉንደ ወይን መጥቶ ሊወስደው ነበር፣ "የግራዝማች ዕቃ የሚገባው ለወንድ ነው" ብሎ ዘመዱን ሁሉ አሳምኗል። እማማ ቆዳውን ቅቤ ቀብተው፣ ወልውለው፣ ተክዘው ተቀምጠዋል፤ አንጀቴን በሉት።

ላጫውታቸው ብዬ ስልኬ ላይ ስላነበብኩት የአንድ እንግሊዛዊ ባለማዕረግ፣ የአንድ ባሮን ነገር ጀመርኩላቸው፣ እነሱ ዘንድ ማዕረግ ይወረሳል፣ የዚህኛው ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ የመጨረሻው ሰውዬ ሲሞት አብሮት ጠፋ አልኳቸው።

"ምነው፣ ልጅ አልነበረውም?"

"ሦስት ሴቶች ነበሩት። ለሴት ግን አይወርድም።"

ይኼን እንዳልኩ ጓዳ ውስጥ ኮርቻው ሲጢጥ አለ፣ ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ ቀጥሎ እርካቡ ቅጭል አለ። ድመት ናት አልኩ በልቤ።

"አባባ ናቸው" አሉ እማማ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ለሴት አይሆንም ሲባል አይወዱም። እስቲ ድገመው።"

ምን ልበላችሁ፣ ፈራሁ፣ ግን የማወቅ ጉጉቴ በለጠና ደገምኩት። ሲጢጥ፣ ቅጭል። ተነሥቼ ገባሁ፣ ድመት የለም፣ ጓዳው መስኮት እንኳ የለውም፣ አንዱ እርካብ ብቻ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። በእጄ ስይዘው ቆመ።

ደመላሽ ከሰዓት በኋላ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አልዋሽም። "እትዬ ጥሩ፣ አይክፋዎት፣ ደንብ ነው፣ ለሴት አይሆንም" እያለ ወደ ጓዳው ሲያመራ ያው ድምፅ ተሰማ፣ በሩ ላይ ቀጥ አለ።

"ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም የለም" አሉ እማማ።

እኔን አየኝ፣ መሬት መሬት አየሁ። "እንግዲህ ለጊዜው እዚሁ ይቀመጥ" አለና ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። እማማ ከደስታቸው ብዛት አለቀሱ።

ሲሸኙኝ፣ "የእነዚያ የሴቶቹ አባት ኮርቻስ ለማን ደረሰ?" ብለው ጠየቁኝ። ጽሑፉን አይቼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቢቸና ቤቴ ነኝ፣ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ብቻዬን ጽሑፉን ከፍቼ ስለ ኮርቻ የሚል ነገር ፈለግኩ፣ የለም። ሴቶቹ ልጆች አይወርሱም የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብኳት፣ በእንግሊዝኛ።

ከኋላዬ ሲጢጥ አለ።

ቤቴ ውስጥ ኮርቻ የለም። ግራዝማችም እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር።