በሕይወት ላለ የማይባል ምስጋና

አስላክን ያገኘሁት ከኦስሎ በላይ ባለው ጫካ ውስጥ ነው። የበረዶ መንሸራተቻዬ ተሰብሮብኝ ግንድ ላይ ተቀምጬ ሠሪውን ስረግም ደረሰ። ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝና ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ዝምታው ደስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ትራም ውስጥ ሲያየኝ «ለባለፈው አመሰግናለሁ» አለኝ። እኛ አገር ሰው ዳግመኛ ሲገናኝ የሚባባለው ይህንኑ ነው፤ ለጎረቤትም ለአለቃም ይባላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ።

አብረን መኖር በጀመርን በሦስተኛው ዓመት አስላክን የአንጀት ካንሰር ያዘው፤ ጉበቱንም ወረሰው። አንጀቱ ላይ የነበረው ተቆርጦ ወጥቷል፤ የጉበቱ ግን ተቆርጦ የሚያልቅ አልነበረም። ወደ ሌላ ቦታ ስላልተሠራጨ ጉበቱን በሙሉ አውጥቶ በሟች ሰው ጉበት መተካት እንደሚቻል የምትከታተለው ሐኪም ነገረችን። በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም አልደበቀችንም። ከዚያ ወዲያ ኑሯችን ጉበት ተገኘ የሚል ስልክ መጠበቅ ሆነ።

የተደወለው ረፋድ ላይ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን በረዶ በተከፈተው መስኮት ስናዳምጥ ነው። የሆነ ቤት ውስጥ እየተለቀሰ እንደሆነ ሁለታችንም ገባን። ኮቱን አለበስኩት።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ እጄን ያዘ።

«ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አለኝ።

ይህን ቃል እኛ የምንቀርጸው የመቃብር ድንጋይ ላይ ነው።

«ምን አልክ?»

«ሞት ይርሳኝ! ከአፌ አምልጦኝ ነው፣ ሱኒቫ።»

«እኔ ሐውልት አላዘዝኩም፤ ቃልህን መልስ።»

ሳቀ። «ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ምንም። ስትወጣ ትነግረኛለህ።»

አልጋውን እየገፉ ወሰዱት። ተቆጥቼ መሸኘቴ ቆጨኝ። በሆስፒታሉ መስኮት በኩል በረዶው እየቀለጠ ሲንጠባጠብ ይታያል፤ ጣቶቼ ብርቱካን ብርቱካን የሸተቱኝ መሰለኝ። እወደዋለሁ፤ ያን ጊዜ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

በማግስቱ አስገቡኝ። በቱቦዎች መሐል ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ለባለፈው አመሰግናለሁ» አለኝ።