የቡድን አባል «ሀ»

«ከአሥራ ሁለታችን አንዷ ሰነፍ ሆና መገኘት አለባት አሉን።»

የሪን የምትባለው ልጅ ይህን ስትሰማ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቷ ነበር፤ በወደብ ከተማዋ በጉንሳን፣ በሰፈራቸው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት፣ በሙቅ ውሃው ገንዳ ውስጥ እስከ አገጯ ተነክራ። የተናገረችው ያን ጊዜ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ የምትሠራው አክስቷ ነች። ወይም እናቷ ትሆናለች፣ አክስቷ የነገረቻትን ለሌላ ሰው ስትደግም። እንፋሎቱ የሁሉንም ፊት አንድ አድርጎት ነበር።

«ታዲያ የማንን ስም ሰጣችሁ?»

«ልጅ የሌላትን።»

ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ የውሃው ድምፅም ሊሆን ይችላል። የሪን የቀረውን አታስታውስም። ጀርባዋን በሻካራ ጨርቅ እያሹላት እንደነበር፣ እንዳመማትም ብቻ ታስታውሳለች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ሁለተኛ ደረጃ ገባች። «ቴክኖሎጂና መሪነት» የሚባለው የትምህርት ቤቱ ክበብ በዓመት ስምንት አዲስ ተማሪ ብቻ ይቀበላል፤ የዚያን ዓመት ስልሳ አመለከቱ። ቃለ መጠይቁን የሚያደርጉት መምህራን አይደሉም፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በአንድ ዓመት ስለሚበልጡ ብቻ አንቱ ይባላሉ፤ ኮሪደር ላይ ሲያልፉም ታናናሾቻቸው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሷቸዋል።

የሪን የቋመጠችው ለክበቡ ሳይሆን ክበቡ በተማሪ መዝገቧ ላይ ለሚያስጽፍላት ነገር ነው። የሴኡል ዩኒቨርሲቲዎች ከፈተና ውጤት እኩል ያንን ያነባሉ። እናቷ ከክረምቱ ብርድ ጀምሮ በየማለዳው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለ አንድ ነገር ብቻ ትጸልያለች። የሪን ጸሎቱን ሰምታው አታውቅም። ምን እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ጓደኛዋን ቾአን ክበቡ ውስጥ ያስመዘገበቻት የሪን ነች። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። የቾአ እናት ወደብ አጠገብ ጃምፖንግ የሚሸጥባት ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ የሪን በዚያ ቀይ የባሕር ሾርባ ኑድል አድጋለች ማለት ይቻላል።

«ብየዳ ካለ እመጣለሁ» አለች ቾአ ያኔ። «መሪነቱን አንቺ ውሰጂው።»

ሁለቱም አለፉ።

እስከ ሰኔ ድረስ በክበቡ ውስጥ የተመደቡበት የአራት ሰው ቡድን ሥራውን ጨረሰ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንት የታሰበ፣ የሩዝ ማብሰያ ክዳን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ሳጥን ነው። ክዳኑ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ከዋለ ሳጥኑ ለልጆቻቸው ስልክ መልእክት ይልካል። ሐሳቡን ያመጣችው የሪን ነች፣ ፖስተሩንም ሣለች። ቴኦ የሚባለው ልጅ ገለጻውን አዘጋጀ። የቀረውን፣ ኮዱንም ብየዳውንም፣ ቾአ ሠራችው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቾአ ምግብ የማከፋፈል ተራዋ ደርሶ ካፌ እያለች፣ የቡድኑ አለቃ ሃንግዮል ሌሎቹን ሁለቱን ወደ ክበቡ ክፍል ጠራቸው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ሥራው አልቋል» አለ። «አሁን የቀረን ጠቡ ነው።»

የሪንና ቴኦ ተያዩ።

«መዝገባችሁ ላይ የሚገባውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ነው ለመምህር ኩክ የምትሰጡት። እሱ ሳያነብ ይገለብጠዋል። ቴክኖሎጂው እሺ፣ አለን። መሪነቱስ? ጠብ ያልነበረበት ቡድን ውስጥ ማን ማንን መራ?»

«እኛ ግን አልተጣላንም፣ ጋሼ» አለ ቴኦ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። በየዓመቱ ከቡድኑ አንድ ሰው ችግር ይሆናል። የሚያረፍድ፣ የሚቀር፣ የሚጮህ። ሌሎቻችሁ እንዴት እንደመከራችሁት፣ እንዴት እንደታገሣችሁት ትጽፋላችሁ። ስም አይጻፍም። የቡድን አባል ሀ፣ በቃ።»

«የአምናው አባል ሀ ማን ነበር?» አለች የሪን።

«አንዲት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ቀየረች።» ሃንግዮል የያዘውን ወተት በቀሰም መጠጠ። «በዚህ አይደለም ግን።»

ቴኦ ብዙ አላሰበም። «ቾአ ትሁና። እሷ እንደሁ ሴኡል አትሄድ። እናቷ ቤት ኑድል ልትቀቅል ነው፣ ምን ይጎድልባታል?»

«ሳጥኑን የሠራችው እኮ እሷ ነች» አለች የሪን። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

«እሱ ነው ጥሩው» አለ ሃንግዮል። «ችሎታ አላት፣ ጠባይ የላትም። ይታመናል። እሷ ካልሆነች ደግሞ ሁለት ቀራችሁ። ቴኦ ነው ወይስ አንቺ?»

ቴኦ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ክሩ አልተፈታም ነበር።

«አንቺ ጻፊው፣ የሪን» አለ ሃንግዮል። «ጓደኛ ሲጽፈው እውነት ይመስላል።»

«እሺ» አለች።

ወረቀት ነው፣ ብላ አሰበች ወደ ክፍሏ ስትመለስ። ወረቀት ማንንም አይመታም። ሃንግዮል ግን ወረቀቱ ትንሽ እውነት እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የቡድኑ ስብሰባ አሥር ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የሪን ለቾአ አሥራ አንድ ሰዓት ብላ ጻፈችላት።

በመጀመሪያው ቀን ቾአ ሳቀች። «የሪንዬ፣ ሰዓት ማንበብ ጠፋብሽ እንዴ?» በሁለተኛው አልሳቀችም። በሦስተኛው ቀን የሰው ወሬ ሰምታ ቀደም ብላ መጣች። በሩን ከውስጥ ቆልፈውት ስለነበር አንኳኳች። ቴኦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ነጫጭ ነጠላ ጫማዎቿ ለየሪን ይታዩዋት ነበር። ቆሙ። አንዱ ወደ ኋላ ሄደ፣ ተመለሰ። ቆሙ። ከዚያ ሄዱ።

የዚያኑ ቀን ቾአ በቡድኑ ቻት ላይ ጻፈች፦ «ምን አድርጌያችሁ ነው? ሥራውን ስጨርስላችሁ ጨረሳችሁኝ? ሁላችሁም ገደል ግቡ።»

ቴኦ ፎቶ አንስቶ አስቀመጠው። ቾአ በሌለችበት በሌላኛው ቻት ላይ «ተገኘ» ብሎ ለጠፈው።

የሪን ገጿን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጻፈች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር በጣም አማራት፦ «አባል ሀ በሩን በላያችን ላይ ሲዘጋብን፣ እኔ ወንበር ስቤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እስኪከፍትም ጠበቅኩት።» ድምፅዋን አውጥታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጥሩ ነበር። ያነበበ ሁሉ ያቺን ወንበር የሳበች ልጅ ይወዳታል።

መምህር ኩክ በሌላው ዓመት አያነብም ነበር። በዚህ ዓመት ግን የከተማው ወጣቶች ትርኢት ከየክበቡ አንድ ሥራ አቅራቢ ስለጠየቀው፣ ማንን እንደሚልክ ለመምረጥ ወረቀቶቹን ሁሉ አነበበ። የሪንን መረጠ። አባል ሀ ማን እንደሆነ ሃንግዮልን ሲጠይቀው፣ ሃንግዮል የቻቱን ፎቶ አሳየው።

በማግስቱ ክበቡ በሙሉ ተሰበሰበ። ቾአን ሰሌዳው ፊት አቆሟት።

«ሰዓቱን የነገሩኝ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ምክንያት አልጠየቅኩሽም» አለ መምህር ኩክ፣ ሳይቆጣ። «መሪነት ከይቅርታ ነው የሚጀምረው።»

ቾአ ተራ በተራ አየቻቸው። ቴኦን አየችው። የሪንን አየቻትና እዚያ ላይ ቆየች፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ይመስል ነበር። የሪን የሰሌዳውን ጠርዝ ተመለከተች። ከዚያ ቾአ ወገቧን አጠፈች፣ ፀጉሯ ፊቷን እስኪሸፍነው።

«ቡድኔን አስቸግሬአለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«የሪን፣ በይ ተቀበያት።»

የሪን እጇን ዘረጋች። የቾአ አውራ ጣት ላይ የብየዳ ጠባሳ ነበር፣ ገና ያልሻረ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

«ወደዚህ ዙሩና ፈገግ በሉ» አለ ሃንግዮል፣ ስልኩን ደግኖ።

ለቾአ እናት ከትምህርት ቤቱ፣ የሪን የጻፈችውን የሚጠቅስ ደብዳቤ ሄደ። የቾአ ስምም ለትርኢቱ ከሚቀርበው ሥራ ላይ ተሰረዘ።

ትርኢቱ እሑድ ነበር። ሐሙስ ዕለት የሪን ኮምፒውተሩን ከፍታ በኮዱ ውስጥ የቾአ ስም በየቦታው ተሰግስጎ አገኘችው። የትርኢቱ ዳኞች ኮዱን ቢያዩትስ? «ቾአ» የሚለውን ሁሉ «የሪን» በለው ብላ አዘዘችው። ኮምፒውተሩ ምንም ሳይጠይቅ ታዘዘ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሳጥኑ ሞተ። የማብሰያውን ክዳን ከፈቱ፣ ዘጉ። ምንም የለም።

«ሂጂና አሠሪያት» አለ ሃንግዮል። «ጓደኛሽ አይደለች እንዴ?»

ቾአ ከብስክሌቶቹ ማቆሚያ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። የሪን ላፕቶፑንና ሳጥኑን ይዛ ፊቷ ቆመች። ቾአ ሳጥኑን አየችው፣ ከዚያ እጇን ዘረጋች። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ጥቂት ቆይታ ፈገግ አለች፤ የሪን የማታውቀው ፈገግታ ነበር።

«ሴንሰሩን በስሜ ነበር የምጠራው» አለች። «እዚህ ላፕቶፑ ላይ ስሙን ቀየርሽው። ሳጥኑ ውስጥ የተጫነው ኮድ ግን አሁንም ቾአ፣ ቾአ እያለ ነው የሚጣራው። ማን ይመልስለት?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አዎ፣ አታውቂም።» ገመዱን ሰክታ ጥቂት መታ መታ አደረገች። ሳጥኑ አረንጓዴ አበራ። «ሁለቱንም ቦታ በአንቺ ስም አድርጌዋለሁ። እሑድ ይሠራል።»

«ቾአ፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ቾአ። «ፎቶም አለው።»

ሁለት ልጆች ብስክሌታቸውን ሊወስዱ መጡ። ቾአ እስኪሄዱ ጠበቀች።

«እናቴ ደብዳቤውን አንብባዋለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰዓቱን ሆን ብላችሁ እንዳሳሳታችሁኝ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? የሪን እንዲህ አታደርግም። ያቺ ልጅ እዚህ ቤት ነው ያደገችው፤ እሷ ከጻፈችው እውነት ነው አለችኝ። አሁን ደንበኞቿን ሁሉ ትጠይቃለች፣ በዚህ ዕድሜ ጠባይዋ የተበላሸ ልጅ ምን ትደረጋለች እያለች።»

የሪን የምትይዘው ነገር አጥታ የሸሚዟን እጅጌ ያዘች።

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይ» አለች ቾአ። «ምሳ የሚበሉት ሲወጡ። የጻፍሽውን አንብቢላት። ስልክሽን አይደለም፣ መምህሩ የፈረመበትን ወረቀት ይዘሽ። ከዚያ የትኛው እውነት እንደሆነ አንቺው ንገሪያት። እኔን አታምነኝም።»

የሪን ማስላት ጀመረች፤ እንዳታሰላ ብትፈልግም ጭንቅላቷ አልታዘዛትም። ቅዳሜ የቾአ እናት ትሰማለች። ሰኞ በጠዋት ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መምህር ኩክ ዘንድ ትደርሳለች። ከዚያ መዝገቡ፣ ከዚያ ሃንግዮል። እናቷስ፣ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳዋ?

«ከትርኢቱ በኋላ ብናደርገው? ማለቴ... በሚቀጥለው ሳምንት?»

ቾአ ላፕቶፑን ዘግታ ተነሳች፣ በሁለት እጇ ይዛ ለማታውቀው ታላቅ ሰው እንደሚሰጥ ጎንበስ ብላ አቀበለቻት። የሪን በሰባት ዓመት ጓደኝነታቸው ከእጇ እንዲህ ተቀብላ አታውቅም። እርሳስ ይወራወሩ ነበር፤ ዳቦ ከአፍ ላይ ይነጣጠቁ ነበር። ላፕቶፑን ተቀብላ ቆመች። ቾአ ቦርሳዋን አንግታ ሁለት እርምጃ ሄዳ ነበር።

«ቅዳሜ» አለች የሪን።

ቾአ ዞራ አየቻት። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የወንበሯንም?»

ቾአ ያንን ገጽ አንብባዋለች ማለት ነው። «የወንበሯንም» አለች የሪን።

«እኔ ጓዳ ሆኜ ዕቃ አጥባለሁ። ውሃውን እከፍተዋለሁ፣ መስማት አልፈልግም።» ቾአ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ደግሞ ምሳ በልተሽ እንዳትመጪ። እናቴ ምግብ ሳትሰጥሽ አታናግርሽም። መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ፣ ከዚያ ታነቢላታለሽ።»

የሪን እሺ አለች።