የእማማ እንቁ ለቅሶ

እማማ እንቁ አልሞቱም። ይኸውና በድሮው ሰፈር መግቢያ፣ ከጌሾ ከረጢታቸው ኋላ ተቀምጠው ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ዋጋ ይከራከራሉ። ሀዲያ ገና ስታያቸው ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ወላሂ ዛሬ አለቀልኝ» አለች።

«ጉድሽ ፈላ! ሁለተኛ ሰው እንዳትገድይ» አለቻት ጓደኛዋ ብርሀንነሽ እየሳቀች። እሷ ምን አለባት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቸር ሞላ ስምንተኛ ክፍሎችን «ወደ ድሮው ሰፈር ሂዱና አንድ አዛውንት ጠይቃችሁ ታሪኩን ጻፉ» ብለው አዘዙ። ባለፈው ቅዳሜ ሀዲያ ደብተሯን ይዛ ወጣች። መውጣቷንስ ወጣች፣ ግን ከሰልባጅ ተራው አላለፈችም። ጫማ ስትለካ፣ ስታወልቅ መሸ። እሁድ ቁጭ ብላ ሁሉንም ከራሷ ፈጠረችው። ተናጋሪዋን «እማማ እንቁ» አለቻቸው፤ ሁልጊዜ በመንገዷ ስለምታያቸው ስማቸው ቀድሞ መጣላት። ግን ቲቸር ሄደው ቢጠይቋቸውስ? ፈራችና ከታች አንዲት መስመር ጨመረች፦ «ይህን በነገሩኝ ማግስት አረፉ።»

ቲቸር ሞላ ደግሞ ዘንድሮ ከደጎሎ የመጡ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው። ትናንት ጽሑፉን ለክፍሉ ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተማሪውን በሙሉ ለህሊና ጸሎት አስነሱ። ከክፍሉ የዚያ ሰፈር ልጅ ስላልነበረ «ኧረ ሴትዮዋ አሉ!» የሚል አልተገኘም። በዚህም አልበቃቸው፤ «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለቅሶ እንደርሳለን» አሉ።

«አስከሬኑ ለቀብር ወደ ከላላ ከተማ ተወሰደ በያቸው፤ በቃ ይመለሳሉ» ስትል መከረቻት ብርሀንነሽ። ሀዲያም ይህንኑ ልትል፣ ከሰፈሩ አፍ ላይ ቆማ ልትጠብቃቸው ነበር የመጣችው።

«አንቺ ልጅ!» ተጣሩ እማማ እንቁ። «ነይ እስቲ፣ ይቺን ከረጢት ወደ ጥላው ሳቢልኝ።»

ሳበችላቸው። እማማም ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት፦ «ዕድሜሽን ያርዝመው! ክፉ አይንካሽ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!»

ሀዲያ «አሚን» ማለት አቃታት። በወረቀት የገደለቻቸው ሴት ዕድሜ ሲመርቋት፣ በምን አፏ!

«ምነው፣ አሚን አይባልም?»

«አይገባኝም፣ እማማ» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችው። ጫማውንም፣ ውሸቱንም፣ የህሊና ጸሎቱንም።

እማማ እንቁ አንድ የጌሾ ቅጠል አንስተው በጣታቸው አደቀቁት።

«እና ተለቀሰልኝ?»

«ተማሪው በሙሉ ተነስቶ ቆመልዎ።»

«ይገርማል! በቁሜ እኮ ስለዚህ ሰፈር የጠየቀኝ ሰው የለም። ብትመጪ እዚሁ ነበርኩ፣ ልጄ።»

ምነው በሰደቧት! ሀዲያ አፈረች፣ ከዚህ በፊት አፍራ በማታውቀው ዓይነት አፈረች።

በዚህ መሀል ቲቸር ሞላ በገበያተኛው መካከል ብቅ አሉ። በዚያ ፀሐይ ጥቁር ኮት ደርበዋል፤ ተማሪዎቹ ከኋላቸው ድምፃቸውን አጥፍተው ይከተላሉ።

«ከላላ በያቸው!» ብርሀንነሽ ክንዷን ያዘቻት። ሀዲያ ክንዷን አስለቅቃ ወደሚመጡት መምህሯ ሄደች።

ቲቸር አንገታቸውን ደፍተው እጇን ጨበጡ። «አላህ ያጥናሽ፣ ሀዲያ። የለቅሶው ቤት በየት በኩል ነው?»

«ይከተሉኝ፣ ቲቸር» አለችና ወደ ጌሾው ከረጢት መራቻቸው።